ከርካሹ ቲኬት በፊት



የዋይሊ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። ልጆቻችን ከአማርኛ ክፍል እስኪወጡ ኮሪደር ላይ ቆመን የምናወራው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ዞሯል፦ «ዘንድሮ አገር ቤት ትሄዳላችሁ ወይ?» ከዳላስ–ፎርት ወርዝ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚወስድ በረራ ስለሌለ ሁላችንም መንገድ ላይ አንድ ቦታ ማረፋችን አይቀርም። አንዳንዱ በዋሽንግተን፣ በቺካጎ ወይም በአትላንታ በኩል የኢትዮጵያን አየር መንገድ ይይዛል። ሌላው በኢስታንቡል ወይም በዶሃ ያልፋል። በፍራንክፈርት በኩል የሚሄደው ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ይመጣበታል። «እዚያ ድረስ ከሄድን አይቀር ሮም ያለችውን እህቴን፣ ስቶክሆልም ያለውን ወንድሜን ለምን አናይም? አውሮፓ ውስጥ እኮ ቲኬት ሃያ፣ ሠላሳ ዩሮ ነው አሉ!»

እውነት ነው፤ በዚያ ዋጋ ቲኬት ይገኛል። ሐሳቡም ጥሩ ነው። የዛሬው መልእክቴ ታዲያ ስለ ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ርካሹን ቲኬት እንገዛና ሌላውን ነገር ኋላ እናስባለን። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጉዞው መጀመር ያለበት ከቤተሰቡ ፓስፖርቶች መካከል ደካማ ከሆነው ነው። ከዚያ ሻንጣው፣ ከዚያ ኤርፖርቱ ይታያል። ዋጋው የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ሰፈራችን ነው

የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከዳላስ መሆኑን ታውቃላችሁ? ሳውዝዌስት እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1971 ከላቭ ፊልድ ተነስቶ በዳላስ፣ በሂውስተንና በሳን አንቶኒዮ መካከል መብረር ሲጀምር የነበሩት አውሮፕላኖች ሦስት ቦይንግ 737 ብቻ ነበሩ። በኋላ አራተኛ ጨመረ፤ ነገር ግን ገንዘብ አጠረውና በ1972 አንዱን ሸጠ። በቀሩት ሦስቱ የአራቱን ሥራ ለመሥራት አንድ ዘዴ ተገኘ፦ አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሌላ ሰው ጭኖ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ማድረግ። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገንዘብ አያመጣም የሚል አስተሳሰብ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአየርላንዱ ራያንኤር ሰው ማይክል ኦሊሪ ዳላስ መጥቶ ይህን አሠራር በዓይኑ አየ። በ1994 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ አሠራሩንም ከዳላሱ ይበልጥ አጠበቀው። በ1995 ኢዚጄት ከለንደን አቅራቢያ ካለው ሉተን መብረር ጀመረ። በ1997 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመጨረሻውን አጥር አነሳ፤ የአንዱ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አባል አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ ሳይቀር መብረር ቻለ። የሀንጋሪው ዊዝ ኤርም በ2003 ተመሠረተ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የእነዚህን አየር መንገዶች ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። አውሮፕላኑ ቶሎ እንዲነሳ ከተፈለገ የዘገየ ሰው አይጠበቅም፤ በር ላይ ክርክር አይኖርም፤ ብዙ ዕቃ አይጫንም። ስለዚህ በሃያ ዩሮ የሚሸጥላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአንድ ሰው መቀመጫ። ሻንጣ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ኤርፖርት ላይ መስተናገድ ሁሉ ለብቻው ይከፈልበታል። የእኛ ጉዞ ደግሞ እንደምታውቁት የሰው አደራ፣ የዘመድ ስጦታ፣ ልጆችና አያት አንድ ላይ ነው። ቅሬታው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አለመገጣጠም ነው።

መጀመሪያ ፓስፖርቱ

በብዙዎቻችን ቤት ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆቹ እዚህ ስለተወለዱ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። አባት ዜግነት ወስዶ ይሆናል። እናት ገና በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት ትሆናለች። ለጥየቃ የመጣች አያት ካለች ደግሞ ያላት የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ወደ ሼንገን አገሮች ገብቶ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በሼንገን ኤርፖርት ውስጥ አልፎ ለመሄድ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ስለዚህ እናት በተደጋጋሚ በፍራንክፈርት አልፋ አዲስ አበባ ሄዳ ይሆናል፤ ማንም አልጠየቃትም። «ፍራንክፈርት ላይ ችግር የለም» ብትል አይፈረድባትም። ማለፍና መግባት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደ ሮም የሚወስደውን ርካሽ በረራ ለመያዝ ሻንጣ ተቀብሎ ከኤርፖርቱ መውጣት፣ ማለትም ጀርመን መግባት አለባት። ያኔ ግሪን ካርዱ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ነው ከደካማው ፓስፖርት ጀምሩ የምላችሁ። የሼንገን ቪዛ ከጉዞው እስከ 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይወስዳል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል፤ የቀጠሮው ወረፋ ደግሞ ለብቻው ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ! ቪዛው ሲሰጥ ስንት ጊዜ ለመግባት እንደሚፈቅድ አንብቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ከሮም ለንደን ደርሶ ወደ ፓሪስ መመለስ አይቻልም፤ ለንደን ከሼንገን ውጭ ስለሆነች ፓሪስ ላይ ሁለተኛ መግቢያ ይሆናል። እንግሊዝ የራሷን ፈቃድ ትፈልጋለች፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን በስልክ የሚወጣ ፈቃድ። ይህ ልጆችንም ይጨምራል።

ሌላው የእኛው ጉዳይ ስም ነው። በአገራችን ልማድ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ለአውሮፓ ድንበር ጠባቂ ግን ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የሕፃናት ጥበቃ ሥራው ስለሆነ ሊጠይቅ ይችላል። እናት ብቻዋን ልጆች ይዛ የምትጓዝ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬታቸውንና አባት የፈረመበትን የፈቃድ ደብዳቤ ትያዝ። ቲኬት ስትገዙም ሁላችሁም በአንድ ቡኪንግ ውስጥ ግቡ። ስማችሁ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ከተገዛ ኮምፒዩተሩ ቤተሰብ መሆናችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በራያንኤር ከ12 ዓመት በታች ልጅ ይዞ የሚጓዝ አንድ አዋቂ መቀመጫ መርጦ መክፈል ግዴታው ነው፤ ከዚያ በኋላ የልጆቹ መቀመጫ ከጎኑ በነጻ ይያዝለታል። ስሙም ፓስፖርቱ ላይ ያለው፣ ፊደል በፊደል ይሁን። ኋላ ላይ ስም ማስተካከል ሊያስከፍል ይችላል።

ቀጥሎ ሻንጣው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ሲነሳ ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችን ይጭናል። ዓይናችን የለመደው ይህንን ነው። በራያንኤርና በዊዝ ኤር በነጻ የሚፈቀደው ከፊት ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ትንሽ ቦርሳ ነው፤ መጠኑም 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር። በእኛ መለኪያ ወደ 16 በ12 በ8 ኢንች ይሆናል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት የጀርባ ቦርሳ ያህል ማለት ነው። ኢዚጄት ትንሽ ሰፋ ያደርገዋል፤ 45 በ36 በ20። ጌቱ አጠገብ መለኪያ ሳጥን አለ። ቦርሳው ሳጥኑ ውስጥ ካልገባ እዚያው ይከፈላል፤ ጌት ላይ የሚከፈለው ደግሞ አስቀድሞ በስልክ ከሚከፈለው በብዙ ይበልጣል። «ትንሽ ብቻ ነው የወጣው» ማለት አያዋጣም። የሻንጣ ክፍያ ከዋና ገቢያቸው አንዱ ነው። የእኛው ሳውዝዌስት እንኳ ለስንት ዓመት የሚመካበትን የሁለት ሻንጣ ነጻ ጭነት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ወዲህ ለአብዛኛው ተሳፋሪ አስቀርቶታል።

ከአገር ቤት ስትመለሱ አውሮፓ ላለ ዘመድ ዕቃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት አይፈቅድም። ስለዚህ ቋንታና ቅቤ፣ ንጥሩም ቢሆን፣ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬንና ሽሮን ይህ የሥጋና የወተት ክልከላ አይነካቸውም። ባዶ እጅ ዘመድ ቤት መግባት እንደሚከብደን አውቃለሁ። ግን እናታችን እጃቸውን አቃጥለው ያነጠሩት ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ከማየት፣ አስቀድሞ ለዘመድ ደውሎ «ቅቤ አይገባም፤ በርበሬ ላምጣልሽ?» ማለት ይሻላል።

ከዚያ ኤርፖርቱና ሰዓቱ

ርካሽ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት ከከተማ ራቅ ባሉ ኤርፖርቶች ነው፤ እዚያ የሚከፍሉት ስለሚያንስ። ስሙ ግን የትልቁን ከተማ ስም ይዞ ይመጣል። «ፍራንክፈርት ሃን» ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዋይሊ ተነስቶ ፓሪስ ለመሄድ ያህል ነው፤ ፓሪስ ስል የቴክሳሷን ነው! «ስቶክሆልም ስካቭስታ» ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ብሎ ቲኬት ሸጦ አዳማ እንደማውረድ። ሚላን ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማልፔንሳ ያርፋል፤ ከርካሾቹ ብዙዎቹ የሚያርፉት በቤርጋሞ ነው፤ ሁለቱ ከከተማው በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። ስለዚህ በከተማው ስም አትመኑ፤ የኤርፖርቱን ስም ካርታ ላይ ፈልጉት። ዘመድ ሊቀበላችሁ የሚመጣ ከሆነም ትክክለኛውን ስም ንገሩት።

ሰዓቱ ላይም የእኛ ቤት የራሱ ፈተና አለበት። የአውሮፓ ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 18:30 ማለት እኛ ከምሽቱ 12:30 የምንለው ነው። 06:30 ደግሞ ከጠዋቱ 12:30። ለአያት «በረራችን 6 ሰዓት ነው» ብትሏቸው እኩለ ቀን መስሏቸው ተረጋግተው ቡና ያፈላሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው። 07/08 እዚህ ቴክሳስ ጁላይ 8 ነው፤ አውሮፓ ግን ኦገስት 7 ነው። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ሐምሌ 1፣ ሌላው ነሐሴ 1 ይሆናል። አንድ ወር ሙሉ ልዩነት! የወሩን ስም በፊደል ጻፉት።

በራያንኤር ጌቱ የሚዘጋው መነሻው ሊደርስ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በኢዚጄት 30 ደቂቃ ሲቀረው። ቼክ ኢን አስቀድሞ በስልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ያላደረገ ሰው በራያንኤር ኤርፖርት ላይ 55 ዩሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ በነፍስ ወከፍ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ራያንኤር የወረቀት ቦርዲንግ ፓስ ትቶ ስልክ ላይ ብቻ አድርጎታል። ስማርት ስልክ የሌላቸውን እናት ይዛችሁ ከሆነ የሳቸውንም በእናንተ ስልክ ላይ አውጡ፤ ባትሪው እንዳያልቅም ቻርጀር ያዙ። የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዛችሁም፣ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ በሼንገን ድንበር ላይ ፎቶና አሻራ የሚወሰድበት አዲስ ሥርዓት ገብቷል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ሰዓት ስታሰሉ እሱንም ጨምሩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን በረራ አታጣብቁ። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች አይተዋወቁም። የዳላሱ በረራ ዘግይቶ የሮሙ ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ ተጠያቂ አይደለም። ስትሄዱ አንድ ሌሊት እደሩ። ስትመለሱም ትልቁ በረራ ከሚነሳበት ከተማ ቢያንስ በዋዜማው ድረሱ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ለምሳሌ ያህል አራት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ እንበል። ቲኬቱ በሰው 25 ዩሮ፣ ጠቅላላ 100። ሁለት የሚጫኑ ሻንጣዎች በ40፣ 80። የመቀመጫ ምርጫ 10። ከሩቁ ኤርፖርት ወደ ከተማ አውቶቡስ በሰው 15፣ 60። ድምሩ 250 ዩሮ መጣ። በዋናው ኤርፖርት የሚያርፍ መደበኛ አየር መንገድ ሻንጣን ጨምሮ በሰው 65 ቢያስከፍል 260 ነው። ለ10 ዩሮ ብላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ልጆች ትቀሰቅሳላችሁ ማለት ነው።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች ፍራንክፈርት ዘመድ ቤት ትታችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን 80ው ይቀራል፤ ድምሩ 170 ይሆናል። ያኔ ርካሽነቱ እውነተኛ ነው። ለሦስት ቀን ለአንድ ልጅ ሁለት ቅያሪ ልብስ ይበቃዋል፤ አክስት ቤት ማጠቢያ ማሽን አለ።

መብታችሁንም እወቁ

ርካሽ ቲኬት ያለው ሰው መብቱ ርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 ከኅብረቱ ኤርፖርት ለሚነሳ ማንኛውም በረራ ይሠራል፤ ቲኬቱን በስንት ብትገዙት ለውጥ የለውም። ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ከተሰረዘ ወይም 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ጥፋቱም የአየር መንገዱ ከሆነ፣ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለ በረራ ለአንድ ሰው 250 ዩሮ ካሣ አለ። ከፍራንክፈርት ሮም በዚህ ውስጥ ይገባል። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው፣ ለምሳሌ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ፣ 600 ዩሮ ነው። የአየር ጠባይና የመሳሰለው ከአቅም በላይ ሲሆን ካሣ አይከፈልም፤ ምግብና ማደሪያ ግን ያኔም ይገባችኋል። ጥያቄውን ራሳችሁ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ በነጻ ማቅረብ ትችላላችሁ።

መራመድ ለሚቸግራቸው ወላጆችም ዊልቸርና ረዳት ሰው በአውሮፓ ኤርፖርቶች በነጻ ነው፤ በርካሾቹም አየር መንገዶች ጭምር። ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለምን ይህን ሁሉ እንደክማለን?

ልጆቻችን የአጎትና የአክስት ልጆቻቸውን የሚያውቋቸው በስልክ ስክሪን ነው። የስቶክሆልሙ ስዊድንኛ ይናገራል፤ የሮሟ ጣሊያንኛ፤ የእኛዎቹ እንግሊዝኛ። አያት በመካከል ሲቀመጡ ሁሉም የሚገናኙበት ቋንቋ አማርኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰን የምናመጣቸው ለዚህም ጭምር ነው። ሦስት ቀን አንድ ቤት ያደሩ ልጆች «ና»፣ «ስጠኝ»፣ «የኔ ነው» የሚለውን ያለ አስተማሪ ይለማመዱታል። ለዚህ ነው እናት በቪዛ ምክንያት ኤርፖርት ውስጥ ቀርታ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ብቻ እህቷ ቤት ከሚደርሱ፣ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ የምመርጠው። ቲኬቱ ሌላ ጊዜም ይገኛል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፣ ለልጆችና ለወላጆች በአንድነት፦

ሜትር አምጡና የትምህርት ቤት ቦርሳችሁን ለኩ። ቁመቱ ስንት ነው? ስፋቱስ? ጥልቀቱስ? በአማርኛ ጻፉት። 40 በ30 በ20 ውስጥ ይገባል?

ቦርሳውን ለሦስት ቀን ጉዞ እየሞላችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአማርኛ ጥሩ፦ ሹራብ፣ ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ፎጣ። ከዚያ ሚዛን ላይ አውጡት። ስንት ኪሎ ሆነ?

06:30፣ 13:15 እና 21:40ን በኢትዮጵያ ሰዓት ተናገሩ። የቸገረው አያቱ ጋ ይደውል፤ እግረ መንገዱንም ሰላም ይበላቸው።

የምትጓዙ ሁሉ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ። የማትጓዙ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንገናኝ።